ራሱን ስቶ ለወደቀ ሞተረኛ ማን ይናገርለት? (ጥያቄና መልስ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት «ሞተር የምትነዱ ሰዎች፣ ድንገት ብትወድቁ ስለ ጤናችሁ የሚናገርላችሁ ነገር ይዛችኋል ወይ?» ብዬ ጠይቄ ነበር። ከጠበቅኩት በላይ ጥያቄ መጣ። ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴ፣ ከሸዋ ሮቢት። ለማታውቁኝ፣ ነርስ ነኝ። አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነው። ታናሽ ወንድሜም ሞተረኛ ነው። ጉዳዩ ለእኔ የሥራም የቤትም ነው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌ የቻልኩትን ያህል መልሻለሁ።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ሲስተር፣ ከተማ ውስጥ በሞተር ዕቃ አደርሳለሁ። ሄልሜቴ ላይ «ኦ ፖዘቲቭ» የሚል ስቲከር ለጥፌያለሁ። አይበቃም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማሰብህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ግን አይበቃም። እንዲያውም መጻፍ ካለባቸው ነገሮች ሁሉ ትንሹን ጥቅም የሚሰጠው የደም ዓይነት ነው።

ሆስፒታል ስትደርስ ማንም ስቲከር አይቶ ደም አይሰቅልልህም። መጀመሪያ ከክንድህ ናሙና ይወሰዳል። ላቦራቶሪው የደም ዓይነትህን ራሱ ይመረምራል፤ ከዚያ ከሚሰጥህ ደም ጋር መስማማቱን ያያል። የማይስማማ ደም ሰው ይገድላል። ስለዚህ በካርድም ሆነ በሰው ቃል አንሠራም። ጊዜ ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ ለዚያ ሰዓት ተብሎ የሚሰጥ ኦ ደም አለ። ስቲከርህን አትላጠው፣ ጉዳት የለውም። አጠገቡ ግን ሌላ ነገር ጻፍበት።

ሁለተኛ ነገር፣ ሄልሜት ከባለቤቱ ጋር አይመጣም። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ሰውየው በአይሱዙ ወይም በሚኒባስ ተጭኖ ይመጣል፤ ሄልሜቱ አስፋልት ዳር ይቀራል፣ ወይ ከሞተሩ ጋር ፖሊስ ጣቢያ ይገባል። ሄልሜት ላይ ብቻ የተጻፈ ነገር እኛ ጋ አይደርስም።

ጥያቄ (ከመንዝ)፦ የግብርና ባለሙያ ነኝ። ከቀበሌ ቀበሌ የምዞረው በሞተር ነው። አንዳንዱ ቦታ ቀኑን ሙሉ ኔትወርክ የለም። ካርድ ልያዝ ብል ምን ምን ልጻፍበት?

መልስ፦ ለዚህኛው ረዘም አድርጌ ልመልስ። መጀመሪያ አንድ ያጋጠመኝን ልንገርህ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከጣርማ በር አቅጣጫ የወደቀ ወጣት አመጡልን። ያነሱት መንገደኞች ናቸው። ጭጋጉ ከባድ ነበር አሉ። ወጣቱ አይናገርም። በላዩ ላይ ጃኬት፣ ከሥሩ ወፍራም ሹራብ፣ ከሹራቡ ሥር ሌላ ሹራብ። የአካባቢያችንን ብርድ ታውቀዋለህ። ሁሉንም በመቀስ ቀደድነው። ኪሱ ውስጥ ጥቂት ብር፣ የተጣጠፈ ደረሰኝና መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ አገኘን። ስልኩ ተቆልፏል። መታወቂያ የለውም። የሆስፒታሉ ካርድ ላይ «ያልታወቀ ወንድ» ብለን ጻፍን።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ስልኩ ጠራ። ስክሪኑ ላይ «እማዬ» ይላል። እኔ አነሳሁት። እናቱ ናቸው፤ ለእራት ይመጣ እንደሆነ ለመጠየቅ ነው የደወሉት። እንዴት እንደነገርኳቸው አላስታውስም። እሳቸው ያሉትን ግን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፦ «ልጄ እኮ ልቡ ተቀዷል፤ የደም ማቅጠኛ ነው የሚውጠው።»

ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሁሉን ነገር ለወጠችው። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነ ትንሹም መድማት በቀላሉ አይቆምም። ሐኪሙ የሚያዘው መድኃኒት ይለያል፤ የሚጣደፍበት ነገርም ይለያል። ሪፈሩ ላይ በትልቁ ተጽፎ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ተርፏል። እናቱ በዚያ ሰዓት ባይደውሉ ኖሮ የምናውቅበት መንገድ አልነበረም።

ይህ ደግሞ ብርቅ ታሪክ አይደለም። እኛ አገር በልጅነት ጉሮሮ ሕመም የሚጀምረው የሩማቲክ የልብ ሕመም ብዙ ወጣት ይዟል። የልብ በር የተቀየረላቸው ልጆች ሲያዩዋቸው ፍጹም ጤነኛ ይመስላሉ። ሞተርም ይነዳሉ።

እንግዲህ ካርዱ ላይ ስምህን እስከ አያት ጻፍ። በአባት ስም ብቻ ከሄድን በአንድ ቀን ሁለት ተመሳሳይ ስም ሊገጥመን ይችላል። የትውልድ ዘመንህን ስትጽፍ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ማለትህን አትርሳ፤ አለበለዚያ ሰባት ስምንት ዓመት ትስታለህ። ቀጥሎ ያለብህን በሽታና የምትወስደውን መድኃኒት ጻፍ። የመድኃኒቱን ስም ከነመጠኑ፣ ፓኬቱ ላይ ባለው ፊደል እንዳለ ገልብጠው። «የግፊት መድኃኒት» ወይም «ነጭ ክኒን» አትበል። ከዚያ የማይስማማህ መድኃኒት ካለ ጻፍ፤ ፔኒሲሊን ተወግተህ ሰውነትህ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረህ ለምሳሌ። ምንም ከሌለብህም ባዶ አትተወው። «የማውቀው በሽታ የለብኝም፤ መድኃኒት አልወስድም» ብለህ ጻፍ። ለእኛ እሱም መልስ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ስልክ። ሁለት ቁጥር ይኑር፤ አጠገቡ «እህት»፣ «ባለቤት» እያልክ ዝምድናውን ጻፍ። አንዱ ቁጥር አንተ እንዳልከው ኔትወርክ በማይጠፋበት ከተማ ያለ ሰው ይሁን። የማያውቀው ቁጥር ሲደውል የሚያነሳ ሰው ምረጥ። አብሮህ ሞተር ላይ የሚቀመጥ ጓደኛህን አትጻፍ፤ አብራችሁ ልትወድቁ ትችላላችሁ። የመረጥከውንም ሰው አስቀድመህ ንገረው። መድኃኒትህን ማወቅ አለበት። ተጠሪ ተብላ ተጽፋ የወንድሟን በሽታ ከእኛ የሰማች እህት አጋጥማኛለች። በጣም ያሳዝናል።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ካርዱን የት ነው የማደርገው? ብዙ ኪስ አለኝ፣ ግን የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ሰውነትህ ላይ የሚቀር ቦታ። የጃኬት ኪስ አያስተማምንም። ምክንያቱን አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ጣርማ በር ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ያልፋል፤ ሸዋ ሮቢት 1300 እንኳ አይሞላም። ከላይ ስትነሳ የለበስከውን ጃኬት ቆላው ላይ አውልቀህ ከኋላ ታስረዋለህ። ካርዱም አብሮ ይታሰራል ማለት ነው።

እኔ ለወንድሜ ያደረግኩለትን ልንገርህ። ትንሽ የብረት ጠፍጣፋ አስቀርጸን ማተቡ ላይ አንጠልጥሎታል። አንድ ቃል በሽታውን ይናገራል፣ ከሥሩ የእኔ ስልክ አለ። አንገት ሁሉም ሰው የሚያየው ቦታ ነው። እኛም ደረትን ስንመረምር ማተቡ እጃችን ላይ ይመጣል። ማተብ የማያስር ሰው በቀጭን ሰንሰለት ወይም በጠንካራ ክር ማንጠልጠል ይችላል። የእጅ አምባርም ጥሩ ነው፤ ግን ደጋ ላይ በጓንትና በሹራብ እጅጌ ሥር ይደበቃል። የሞተሩ ቁልፍ ላይ አታንጠልጥለው። ቁልፉ ሞተሩ ላይ ነው የሚቀረው።

ዝርዝሩ ያለበት ካርድ ደግሞ የሱሪ ኪስ ውስጥ ከመታወቂያ ጋር ይሁን። ቀበሌ መታወቂያ ላይ የአደጋ ጊዜ ተጠሪ የሚጻፍበት ቦታ እንዳለ ልብ በል። ዛሬ አውጥተህ እየው። ብዙ ሰው ላይ ያለው ቁጥር ድሮ የተዘጋ ቁጥር ነው፤ አንዳንዱ ላይ የተጻፈው ተጠሪ ራሱ አርፏል። ፋይዳም ቢሆን ማን እንደሆንክ ይናገራል እንጂ ምን እንዳመመህ አይናገርም።

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ ብሞላው አይቀልም? ቴክኖ ነው የምይዘው።

መልስ፦ ሙላው፤ ግን በእሱ ብቻ አትተማመን። አይፎኖች እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ፣ አንድሮይድ ደግሞ ከ2016 ጀምሮ ስልኩ ሳይከፈት የሚታይ የጤና መረጃ ቦታ አላቸው። ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ «ኢመርጀንሲ» የሚለውን ፈልግ። ሌላ ሰው ሲያየው ደግሞ በተቆለፈው ስክሪን ላይ «ኢመርጀንሲ» የሚለውን ይነካል። ችግሩ እዚህ ያንን ቦታ ነክቶ የሚፈልግ ሰው ጥቂት መሆኑ ነው።

ከዚያ የሚቀል ነገር አለ። ነጭ ወረቀት ላይ የሁለት ሰው ስልክና በሽታህን በትልቁ ጻፍ። ፎቶ አንሳው። ያንን ፎቶ የተቆለፈው ስክሪን ላይ አድርገው። ስልኩን ያነሳ ሁሉ ያነበዋል። ስክሪኑ ላይ ያለውን የልጅህን ፎቶ መቀየር ቅር ካለህ ጽሑፉን ከፎቶው ሥር አድርገው።

እ.ኤ.አ. በ2005 ቦብ ብሮቺ የሚባል እንግሊዛዊ የአምቡላንስ ባለሙያ ሰዎች የተጠሪያቸውን ቁጥር ስልክ ላይ «ICE» (በእንግሊዝኛ «አደጋ ቢደርስ» ማለት ነው) በሚል ምሕጻረ ቃል እንዲመዘግቡ ጥሪ አድርጎ ነበር። ሐሳቡ ብዙ አገር ደርሷል። እኛ ጋ ግን «እማዬ» ወይም «ወንድሜ» ብሎ መመዝገብ ይበልጥ ይገባል። ባለ ቁልፍ ስልክ ለሚይዝ ሰው «ሀ አደጋ ጊዜ እህቴ» ብሎ መመዝገብ ጥሩ ነው። «ሀ» ከፊት ስላለ ከአማርኛ ስሞች ቀድሞ ይመጣል።

ስልክ ይሰበራል፣ ባትሪ ይጨርሳል፣ ይሰረቃል። ብረትና ወረቀት ባትሪ አይፈልጉም።

ጥያቄ (አንዲት እናት፣ ከደብረ ሲና)፦ ልጄ ስኳር አለበት፤ መርፌ ይወጋል። ጽፈህ ያዝ ስለው «ሰው ምን ይለኛል» ይለኛል። ምን ላድርገው?

መልስ፦ እናቴ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። ልጅዎንም አልፈርድበትም። ወጣት ነው፣ በሽተኛ ተብሎ መታየት ይከብደዋል።

እንዲህ ብለው ይንገሩት። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ስኳሩ ሲወርድ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይተሳሰራል። ይህ ሁሉ ለሚያየው ሰው ስካር ይመስላል። መንገድ ዳር ወድቆ «ሰክሮ ነው፣ ተዉት ይተኛ» ቢባል ሰዓቱ ያልፍበታል። ሆስፒታል ከደረሰ ጣቱን ወግተን ስኳሩን በሰከንዶች እናውቃለን፤ የሚያስፈራው ከዚያ በፊት ያለው ነው። አንገቱ ላይ «ስኳር አለብኝ፤ ኢንሱሊን እወጋለሁ» የሚል ካለ ያገኘው ሰው አይተወውም። ከልብሱ ሥር ስለሚሆን በደህናው ቀን ማንም አያየውም።

ኪሱ ከረሜላ አይጣ። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም እንዳይከቱ ለቤተሰቡ ሁሉ ይንገሩ፤ ያንቀዋል። እና እባክዎ፣ ቶሎ ቶሎ እየወረደበት ከሆነ ሐኪሙ እስኪያስተካክልለት ድረስ ሞተር አይንዳ። የሚጥል በሽታ ያለበትና ገና ያልተቆጣጠረው ሰውም እንደዚሁ። በዚህ ላይ ካርድ አያድንም።

ጥያቄ (ስሜ ይቅር)፦ የኤች አይ ቪ መድኃኒት እወስዳለሁ። ካርዱ ላይ መጻፍ ግዴታዬ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ማንም ሊያስገድድህ አይችልም። መንገድ ላይ ካርድህን የሚያገኘው ጎረቤትህ ሊሆን ይችላል፤ ይህን መፍራትህ ተገቢ ነው። ለእኛ ብለህም አትጨነቅ። የማንኛውንም በሽተኛ ደም የምንነካው በጓንት ነው፤ ሁሉንም እኩል እንጠነቀቃለን።

ሐኪሙ ማወቁ የሚጠቅመው ከሌላ መድኃኒት ጋር እንዳይጋጭብህ ነው። ስለዚህ ካርዱ ላይ «ቋሚ መድኃኒት አለኝ፤ ሐኪም በዚህ ስልክ ይጠይቅ» ብለህ ጻፍና ሚስጥርህን የሚያውቅ ሰው ቁጥር አስቀምጥ። እዚያው ይበቃል።

ጥያቄ (የአይሱዙ ሹፌር)፦ ደሴ መንገድ ላይ እመላለሳለሁ። የወደቀ ሞተረኛ ሳገኝ ምን ላድርግ? ኪሱን ብፈትሽ ሌባ ብባልስ? ሄልሜቱንስ ላውልቅ?

መልስ፦ ጋሼ፣ እንደ እርስዎ ያለ ሹፌር ስንት ሰው አትርፎልናል። እግዚአብሔር ይስጥልን።

ሄልሜቱን አያውልቁ። አንገቱ ተጎድቶ ከሆነ ስንጎትተው የሕብለ ሰረሰሩ ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። የፊት መስታወቱን ወደ ላይ ይክፈቱለት፣ እየተነፈሰ መሆኑን ይዩ። ማውለቅ የሚመጣው መተንፈስ ካቃተው ወይም ትውከት ካነቀው ብቻ ነው። ያኔም ለሁለት ነው። አንዱ አንገቱንና አገጩን ከሥር ደግፎ ይይዛል፣ ሌላው ማሰሪያውን ፈትቶ ሄልሜቱን ቀስ አድርጎ ያወጣል። የሚደማ ቦታ ካለ በንጹህ ጨርቅ ጫን ብለው ይያዙ።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ገጠር ላይ ግን የወረዳው አምቡላንስ ሊቀርብ ስለሚችል በሚያልፉባቸው ወረዳዎች ያሉትን ቁጥሮች ከጤና ጣቢያ ጠይቀው ይመዝግቡ። አምቡላንስ ካልመጣና ራስዎ ከጫኑት፣ በሁለት ሦስት ሰው ጀርባውንና አንገቱን ቀጥ አድርገው አንሥተው ያስተኙት። እግሩንና ብብቱን ይዘው አያንጠልጥሉት።

ኪሱን ሲያዩ ብቻዎን አይሁኑ። አጠገብዎ ያለ ሰው እያየ አንገቱን፣ እጁን፣ ከዚያ ኪሱን ይዩ። ያገኙትን ብርና ስልክ ቆጥረው በምስክር ፊት ለጤና ተቋሙ ወይም ለፖሊስ ያስረክቡ። ሄልሜቱ ወልቆ ከሆነ እሱንም አብረው ይጫኑት። ስንጥቁ ጭንቅላቱ በየት በኩል እንደተመታ ይነግረናል።

«ገንዘብ ሳይከፈል አያክሙትም» የሚል ፍርሃትም እሰማለሁ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ (ቁጥር 799/2005) በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህን ይዘው ይናገሩ።

ጥያቄ፦ ከኋላ የምትቀመጠው ባለቤቴስ?

መልስ፦ ለእሷም እንዳንተው። ነፍሰ ጡር ከሆነች በተለይ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሆዷ አይታይም፤ ራጅና መድኃኒት ስናዝ ግን ማወቅ አለብን። ሄልሜትም ግዛላት።

ጥያቄ (ከአለም ከተማ)፦ የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ እባብና ዘንግ ያለበት የብረት አምባር ላከችልኝ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው። ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ምልክቱን የጤና ባለሙያ ያውቀዋል። ነገሩ የተጀመረው ካሊፎርኒያ ውስጥ ተርሎክ በምትባል ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ሊንዳ ኮሊንስ የምትባል ልጅ ቆስላ ለቴታነስ በሚሰጥ መድኃኒት ልትሞት ደረሰች። አባቷ ሐኪም ነበር። በኋላ ትምህርት ቤት ስትሄድና ስትጓዝ ይህ እንዳይደገም ወላጆቿ በአምባር ላይ አስጻፉላት። በ1956 ሜዲክአለርት የሚባለውን ድርጅት መሠረቱ። እዚያ አምባሩ ላይ ያለው ስልክ ሲደወል የአባሉ ሙሉ መረጃ ይነገራል።

እዚህ አምባርሽን የሚያየው መጀመሪያ ሐኪም አይደለም። እረኛ ወይም ገበያተኛ ነው። ስለዚህ ወርቅ ቤት ወስደሽ ከጀርባው በአማርኛ አስቀርጪበት፤ አንድ ቃልና አንድ ስልክ ይበቃል። እንግሊዝኛውም ይቆይ፣ ሆስፒታል ስትደርሺ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ በስልክ ካሜራ የሚነበበው ኪውአር ኮድስ?

መልስ፦ አብዛኛው የሚነበበው ኢንተርኔት ሲኖር ነው። ለእኛ መንገድ ግን አልመርጠውም። በዓይን የሚነበብ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ክንዴ ላይ ብነቀሰውስ?

መልስ፦ አልመክርህም። መድኃኒት ይቀየራል፣ ስልክ ይቀየራል፣ ንቅሳት አይቀየርም።

ጥያቄ፦ እንግሊዝ አገር ሞተረኞች ሄልሜት ላይ አረንጓዴ ነጥብ ይለጥፋሉ ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ። በሞተር የሚሄዱ የአምቡላንስ ሠራተኞች ክበብ ያስፋፋው ነገር ነው። ካርዱ ሄልሜቱ ውስጥ ከስፖንጁ ሥር ይገባል፤ ከውጭ ያለው አረንጓዴ ነጥብ «ውስጥ ካርድ አለ» ማለት ነው። እዚህ ነጥቡን የሚያውቅ ስለሌለ በአማርኛ «የጤና ካርድ ኪሴ ውስጥ አለ» ብለህ ለጥፍ። አንባቢውን ወደ ሰውነትህ ይመራዋል።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ እኔ በእስኪርቢቶ ጽፌ ይዤ ነበር። ክረምት ላይ ዝናብ መታኝና ሁሉም ተንዠቀዠቀ።

መልስ፦ በእርሳስ ጻፈው። እርሳስ በውሃ አይለቅም። ወይም ፎቶ ኮፒ ቤት አስተይበህ ላሚኔት አስደርገው፤ ጠርዙን ግን ተጠግተው አይቁረጡት፣ ውሃ የሚገባው በዚያ ነው። ላሚኔት ከሌለ ሰፊ ስኮች በሁለቱም በኩል ለጥፍበት። ሁለት ቅጂ ይኑርህ፣ አንዱን ተጠሪህ ይያዘው። መድኃኒት በተቀየረ ቁጥር አዲስ ጻፍ፤ ምንም ባይቀየርም በየመስከረሙ አውጥተህ አንብበው። ወንድሜ ዘንድሮ ሲያነበው የእኔ አሮጌ ቁጥር ነበር የተጻፈው።